ካርታው ያምራል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም

ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ሜሪላንድ ያለው ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ምሳውን በልቶ ነው የሚገባው። ዱባይ ያለችው ልጇን አስተኝታ ትመጣለች። አራተኛው እዚሁ ሰሚት ነው፣ ግን በማታ መመላለሱ ስለማይመች እሱም ከቤቱ ይገባል። እንዲህ ስንጫወት ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው።

የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። አንዱ ጌም ማስተር ይሆንና ታሪኩን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል። ከነዚህ ጨዋታዎች ዋነኛው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲወጣ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚካሄድ ነበር። ዛሬ እንደኛ ለተበታተኑ ጓደኞች ኢንተርኔት ላይ ጠረጴዛ የሚዘረጉ መሣሪያዎች አሉ። ካርታ ትጭናለህ፣ ምስል ታንቀሳቅሳለህ፣ ዳይስ ትጥላለህ፣ ለተጫዋቾች ደብዳቤና ማስታወሻ ትልካለህ።

የኔ ቅሬታ ከዚህ ከመጨረሻው ላይ ነው። ከጽሑፉ።

የምንጠቀምበትን መሣሪያ ስም አልጠራም። ሌሎችንም ሞክረናል፣ ችግሩ ይብዛም ይነስም ያው ነው። ካርታው ላይ የችቦ ብርሃን ግድግዳ ሲነካ ጥላ ይጥላል፣ በር ስትከፍት ክፍሉ ቀስ እያለ ይታይሃል። በጣም ያምራል፣ የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ። አንድ አንቀጽ ጽሑፍ እንደጻፍኩት ሆኖ ለጓደኞቼ እንዲደርስ ማድረግ ግን የሳምንቱ ትልቁ ሥራዬ ሆኗል።

አንዱን ላሳያችሁ። ለአንድ ምሽት ጨዋታ አንዲት ንግሥት ከመሞቷ በፊት የተወችውን ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ከተራራው ሥር ያለው በር የሚከፈተው በይለፍ ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ ደብዳቤው ውስጥ ተደብቋል። ሦስት ምሽት የፈጀብኝ አምስት መስመር ይኸው፦

መንገዱን ለማያውቅ በሩ ግድግዳ ነው፤
ስንቁን የጨረሰ ከደጁ ያድራል፤
ከዋሻው አፋፍ ላይ ጠባቂው አይተኛም፤
ረዥሙን ጥላ ተከትለህ ውረድ፤
ምልክቱን ካየህ ስሙን ጥራ በለው።

የየመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ከላይ ወደ ታች አንብቡት። መስከረም ይላል። በሩ የሚከፈተው በዚህ ቃል ነው። ልጆቹ ሲያገኙት የሚጮኹት ጩኸት ከወዲሁ ይሰማኝ ነበር።

ደብዳቤውን ማስታወሻው ላይ ለጥፌ ላክሁላቸው። እኔ ጋ ስጽፈው አምስት መስመር ነበር። እነሱ ጋ የደረሰው አንድ አንቀጽ ነው። መስመሮቹ ተያይዘዋል፣ ስንኙም ጠፍቷል፣ ፊደሎቹም መሀል ገብተው ተቀብረዋል። 40 ደቂቃ ፈለጉ። አንዱ የጥላውን አቅጣጫ ካርታው ላይ ለካ፣ አንዷ ከየመስመሩ ሳይሆን ከየቃሉ ፊደል እየለቀመች ሞከረች። ቃሉ ሊገኝ በማይችልበት ቦታ ነበር የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ ስክሪኔ ላይ የሚታየኝ ትክክለኛው ስለሆነ ለምን እንዳልገባቸው አልገባኝም። በመጨረሻ ሜሪላንድ ያለው «ወንድሜ፣ ግጥም ነው ያልከው ይሄ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ በኋላ ብነግራቸውም ምን ዋጋ አለው፣ ምሽቱ አልፏል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጽሑፍ የሚያስተካክሉት ማርክዳውን በሚባለው አጻጻፍ ወይም እሱን በሚመስል ነገር ነው። ማርክዳውንን ጆን ግሩበር የሚባል አሜሪካዊ ነው በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሰዎች በተራ ኢሜይል ሲጻጻፉ የለመዱትን መነሻ አድርጎ። ኢሜይል ላይ ሰው መስመሩ ሲሞላበት በእጁ ይሰብር ነበር፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ኢንተር ከተመታ እንደ ክፍተት ይቆጠርና መስመሮቹ ይገጠማሉ። መስመሩ እንዲሰበር ከፈለግህ መጨረሻው ላይ ሁለት ክፍት ቦታ መተው አለብህ። ለኢሜይል ደህና ሐሳብ ነበር። ለግጥም ግን አይሆንም። በሚና ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ግጥም፣ ትንቢት፣ እንቆቅልሽ፣ የመቃብር ላይ ጽሑፍ የማይገባበት ታሪክ የለም፤ የማይታይ ሁለት ክፍት ቦታ መተው እንዳለብኝ መሣሪያው አንድም ቦታ ላይ አልነገረኝም።

ኮከቧም አለች። አንድን ቃል በሁለት ኮከብ ምልክት ስታቅፈው ይደምቃል፣ በአንድ ስታቅፈው ይጋደማል። ጥሩ። ግን ኮከብ የማባዣ ምልክትም ነች። አንድ ጊዜ ከዘንዶው ዋሻ ያገኙትን ሀብት ቻቱ ላይ «3*50 ወርቅና 2*20 ብር» ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያው ሁለቱን ኮከቦች እንደ ማጋደሚያ ቆጥሮ ዋጣቸው። የወጣው «350 ወርቅና 220 ብር» ነው። 150 ወርቅ ልሰጥ 350 ሰጠሁ። ልጆቹ በቀጣዩ ከተማ ፈረስና ጋሻ ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው የታወቀው፣ አስመልሱ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

የከፋው ግን አንድ መሣሪያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሕግ መኖሩ ነው። ቻቱ ኮከብ ይቀበላል። ማስታወሻው መስመሩን እንደ ማርክዳውን ቢገጥምም ኮከብ አይቀበልም፣ ከላይ የተደረደሩ ቁልፎች አሉት። የገጸ ባህሪው ካርድ ላይ ደግሞ ሁለቱም አይሠሩም፣ የጻፍከው ኮከብ እንዳለ ኮከብ ሆኖ ይቀመጣል። ከአንዱ ወደ አንዱ ኮፒ ያደረግኸው ጽሑፍ በየደረሰበት ሌላ መልክ ይይዛል።

ከወርድ ላይ ኮፒ ማድረግንም ሳልናገር አላልፍም። እኔ የምጽፈው ነጭ ገጽ ላይ በጥቁር ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ፣ እህቴ የምላት ጓደኛዬን ነው፣ ዓይኗን ስለሚያማት ዳርክ ሞድ ነው የምትጠቀመው። ጽሑፉ ሲለጠፍ ጥቁር ቀለሙን ይዞ መጣና ጥቁር ገጽ ላይ አረፈ። «ባዶ ነው እኮ የላክህልኝ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ መልሼ ላክሁት፣ ሁለት ጊዜ ባዶ። ያን ቀን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን አንድ ላይ መጫን ተማርኩ፤ በአብዛኞቹ ብሮውዘሮች ጽሑፉን ብቻ ይለጥፋል፣ ቀለሙንና መጠኑን ትቶ። ለብዙ ሰው የሚጠቅም ነገር ስለሆነ ነው እዚህ የጻፍኩት።

በአማርኛ ስትጫወት የሚጨመርብህ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ፊደሉ መታየቱ ችግር አይደለም። ችግሩ አያያዙ ነው። ለርዕስ ያስቀመጡት ያ የጥንት ብራና የሚመስል ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ብሮውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደርና ይሞላዋል። ሳጥኑ ግን ለላቲን ፊደል ቁመት ስለተለካ የኳ እና የቷ ግርጌ ይቆረጣል፣ ኳ ከ ካ አትለይም። አድምቅ ስትለው፣ የተበደረው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ያለው ከሆነ፣ ብሮውዘሩ ራሱ ፊደሉን ያወፍረዋል፤ ያኔ የ ጨ እና የ ጭ ልዩነት በቀለም ይሞላል። በትንሽ መጠን ማንበብ ዓይን ያደክማል።

ማጋደሙ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። ኢታሊክ የሚባለው የተጋደመ ፊደል ከቬኒስ የመጣ ነው፤ አልዶ ማኑዚዮ የሚባለው አሳታሚ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከጣሊያኖች የእጅ ጽሑፍ ወስዶ ወደ ኅትመት ያስገባው። የላቲን ፊደል ባለቤት ያደገበት ነገር ነው። የኛ ፊደል እንዲህ ያለ ቅርጽ አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ ሲያጋድመው ቀጥ ያለ ቤት ወደ ጎን የተገፋ ይመስላል። የኛ ጸሐፊዎች አንድን ስም ማጉላት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ያነሡ ነበር። የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው ያውቀዋል፤ የእግዚአብሔር፣ የማርያም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው። ንባቡ ሳይሰናከል ዓይንህ ስሙ ላይ ያርፋል። እኔም የጥንት መጽሐፍ ለተጫዋቾቼ ስሰጥ የነገሥታቱን ስም በቀይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ቻቱ ቀለም አይፈቅድም። ማጋደም ግን ይፈቅዳል።

ዳይስ ለመጣል የሚጻፈው ትእዛዝም የላቲኗን ዲ ይፈልጋል። አማርኛ እየጻፍክ ዓረፍተ ነገር መሀል ኪቦርድ ትቀይራለህ፣ ትጥላለህ፣ ትመልሳለህ። በአንድ ምሽት ይሄን ስንት ጊዜ እንደማደርገው አልቆጥረውም። ግን ትረካው ሞቅ ባለበት ሰዓት ሲያቋርጥህ ትናደዳለህ።

ጓደኞቼ ጎግል ዶክ ላይ ጻፈውና ሊንኩን ላክልን ይሉኛል። ሞክሬዋለሁ። ግን ጌም ማስተር የሚጽፈው ጽሑፍ ግማሹ ለተጫዋች የሚታይ፣ ግማሹ ለራሱ የተደበቀ ነው፤ መሣሪያው ይህን መለየት ይችላል፣ ዶክመንቱ አይችልም። ደግሞ አንድ እግራቸው ቴሌግራም ላይ፣ አንድ እግራቸው ዶክመንት ላይ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ማን ቀረ? ሌላው የሚሉኝ ነገር መሣሪያውን የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ታገሥ የሚል ነው። እታገሣለሁ። ነገር ግን ካርታ ሳይኖር ይህን ጨዋታ መጫወት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ይጫወተዋል። ያለ ቃል ግን አይቻልም። ለችቦው ጥላ ጊዜ ከተገኘ ለመስመር መስበሪያም ሊገኝ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት ለመሣሪያው ሠሪዎች ጻፍኩላቸው። ኢንተር ስመታ መስመሩ ይሰበር፣ ቻቱም ማስታወሻውም ካርዱም በአንድ ሕግ ይሂዱ፣ ፎንቱን እኔ ልምረጥ አልኳቸው። የንግሥቲቱን ደብዳቤም ከነትርጉሙ አያይዤ ልኬላቸዋለሁ፣ አምስቱንም መስመር፣ ማስታወሻቸው ላይ ለጥፈው ምን እንደሚሆን ራሳቸው እንዲያዩት።