ውዳሴ ገምጋሚ

ድጋፍ ለማግኘት የሚቀርብ የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ፕሮፖዛል የሚገመግሙልን ሰዎች ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም። አንድ ማኅበር ወራት ተሰብስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ መረጃ ለቅሞ ያዘጋጀውን 25 ገጽ ገምጋሚው በ15 ደቂቃ ጨርሰው፣ ከ100 ስንት እንደሚገባው አውቀው፣ “ጥሩ ጅምር ቢሆንም በቂ ማብራሪያ አልቀረበም” ብለው ፈርመው ይነሳሉ። ማብራሪያው ገጽ 14 ላይ ነበር። ግን ገጽ 14 ድረስ ዘልቆ የሚያነብ ገምጋሚ ሥራ የፈታ ሰው መሆኑን ማን ያጣዋል?

“አያነቡም” እያሉ የሚያሟቸው ሒሳብ የማይችሉ ናቸው። 120 ፕሮፖዛል ገባ እንበል። እያንዳንዱ በ3 ሰው ይታያል፤ ገምጋሚዎቹ 9 ናቸው። ለአንድ ሰው 40 ይደርሰዋል ማለት ነው፤ 40 ጊዜ 25 ደግሞ 1,000 ገጽ። ለአንድ ገጽ 2 ደቂቃ ቢመደብ ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም ነጥብ መስጠቱና አስተያየት መጻፉ ሳይቆጠር። የተሰጣቸው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ መደበኛ ሥራቸውም እንዳለ ነው። እሳቸው በዚህ አይደናገጡም። ስምንቱን ቀን ለማሰላሰል ይተዉትና አርባውንም በመጨረሻዎቹ ሁለት ምሽቶች ያጠናቅቁታል።

የሚያነቡትም በተላከላቸው ዝርዝር መሠረት፣ ከቁጥር 1 ጀምረው ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች፣ ማነጻጸሪያ ገና ስለሌለ፣ ጥብቅ ዳኝነት ይገጥማቸዋል። ከሠላሳኛው በኋላ ያሉት ሁሉም 3 ከ5 ያገኛሉ። ሦስቱም ገምጋሚዎች ያንኑ ዝርዝር ይዘው ከላይ ወደ ታች ስለሚወርዱ፣ መጨረሻ የተመዘገበው ማኅበር ሦስት ጊዜ በደከመ ዓይን የመታየት መብቱ ይከበርለታል። ዝርዝሩ ለእያንዳንዱ ገምጋሚ በተለያየ ቅደም ተከተል ቢላክ ድካሙ ለሁሉም ይዳረስ ነበር፤ ሥራውም የደቂቃ ነው። ግን ሥርዓት ለምን ይፈርሳል?

ከንባቡ በፊት ደግሞ ማጣሪያው አለ። ፊርማው ሦስተኛው ገጽ ላይ መሆን ሲገባው አራተኛው ላይ የተገኘበት፣ የፊደሉ መጠን 11 ሳይሆን 10 የሆነበት፣ ፋይሉን በታዘዘው ስም ያልሰየመ፣ ሁሉም ሳይነበብ ይወድቃል። የምዝገባ ፈቃድ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ማየትማ ተገቢ ነው፤ ሕጋዊ ሰውነት ለሌለው ማኅበር ገንዘብ አይለቀቅም። የረቀቀው ነገር በአንድ ስልክ የሚስተካከለውን ጉድለትና ፕሮጀክቱን ከነአካቴው የሚያፈርሰውን ጉድለት በአንድ ዓይን ማየቱ ላይ ነው። እኩልነት ማለት ይኸው ነው።

የጥበቡ ሁሉ ማዕከል ግን የነጥብ መስጫው ቅጽ ነው። አግባብነት 20፣ የፕሮጀክቱ ንድፍ 25፣ የማስፈጸም አቅም 20፣ ዘላቂነት 15፣ በጀት 20፤ ማለፊያው 70። ገምጋሚው ከ1 እስከ 5 ይሰጣሉ፤ ያ ወደ ክብደቱ ይቀየራል። 3 ምን ማለት እንደሆነ፣ 4 ከ3 በምን እንደሚበልጥ የተጻፈ ነገር የለም። ቢጻፍማ ጉድ ይፈላ ነበር። “3፦ ተጠቃሚዎቹ በቁጥር ተለይተዋል፤ 4፦ በምን መስፈርት እንደሚመረጡም ተገልጿል፤ 5፦ ማን እንደሚመርጥና ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብም ተቀምጧል” ቢባል ሦስቱ ገምጋሚዎች ተቀራራቢ ነጥብ መስጠታቸው አይቀርም። ተቀራራቢ ነጥብ ከሰጡ ደግሞ የልምድ ልዩነታቸው በምን ይታወቃል?

“የማኅበረሰብ ተሳትፎ” በአግባብነት ሥር ተጠይቋል፤ በንድፍ ሥር ተደግሟል፤ በዘላቂነት ሥር ሠልሷል። “ማኅበረሰቡ ከጅምር እስከ ፍጻሜ በንቃት ይሳተፋል” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሦስቱም ቦታ የለጠፈ ሦስት ጊዜ ይሸለማል። ነገሩን አንዴ በደንብ አስረድቶ ያለፈ ሁለት ቦታ “ክፍተት ታይቷል” ይባላል።

(ቁጥሩ ራሱ እንደየቤቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ከ1 እስከ 9 ሲመዝኑ የላቀው 1 ነው። የዚያ ቤት ልማድ ያለባቸው ገምጋሚ መመሪያ ሳያነቡ 5 የላቀ በሆነበት ቅጽ ላይ ቢቀመጡ ምን ዓይነት ማኅበር እንደሚመረጥ መገመት አያዳግትም።)

የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ሥራና መለኪያ ባንድ ላይ የሚያሳየው፣ ሎግፍሬም የሚሉት ሠንጠረዥም ምስጋናውን ይውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1969 ለዩኤስኤአይዲ ከተቀረጸ ወዲህ አራት ረድፍ በአራት ዓምድ፣ 16 ሳጥን ሆኖ እያገለገለን ነው። ገምጋሚያችን የሚያረጋግጡት ሳጥኖቹ መሞላታቸውን ነው። የመጨረሻውን ዓምድ፣ ታሳቢዎች የሚባለውን፣ የሚያነብ የለም፤ አብዛኛው ፕሮጀክት የሚሞተው ግን እዚያ በተጻፈው ነገር ነው። “የግንባታ ዕቃ ዋጋ አይጨምርም፤ የአካባቢው አስተዳደር ቦታውን ይሰጣል” ይላል። ቦታው ካልተሰጠ የቀሩት ሳጥኖች ጌጥ ናቸው። “አስተዳደሩ የጻፈው ደብዳቤ አለ?” ብሎ መጠየቅ የማንንም ጊዜ አይወስድም ነበር፤ ግን መጠየቅ ያለማወቅ ምልክት እንዳይመስል ይታለፋል።

አንድ የውሃ ፕሮጀክት ጠጋ ብለን እንይ። ሁለት ማኅበራት የእጅ ፓምፕ ለመትከል አመለከቱ እንበል። የመጀመሪያው ዘላቂነት በሚለው ቦታ “ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ተረክቦ ያስቀጥለዋል” ብሎ ጻፈ። 15 ከ15። ሁለተኛው እንዲህ አለ፦ ውሃ የሚቀዳ ቤተሰብ በየወሩ ያዋጣል፤ መዋጮው የሚያልቁትን የፓምፑን ላስቲኮች ለመቀየርና ለጠጋኙ አበል ይውላል፤ ሁለት ጠጋኞች ይሠለጥናሉ፣ አንዱ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ ሌላው እንዲኖር፤ መለዋወጫው የሚገዛበት ሱቅ ይኸ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት የመዋጮው አንድ ሦስተኛ ላይሰበሰብ ስለሚችል ለዚያ መጠባበቂያ ይዘናል። እሳቸው ይህንን አንብበው “አመልካቹ ራሱ መዋጮው ሙሉ በሙሉ እንደማይሰበሰብ አምኗል” ብለው 6 ሰጡ። አፈኛ ጤፍ ይቆላል የተባለው ለመጀመሪያው ማኅበር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የቱ ፓምፕ ውሃ እንደሚሰጥ መጠየቅ የገምጋሚ ሥራ አይደለም፤ እሳቸው ያኔ ሌላ የፕሮፖዛል ጥሪ ላይ ናቸው።

በጀት ላይማ ዓይናቸው ንስር ነው። 40 ሰው ለ3 ቀን ሲሠለጥን ምሳው 120 መሆን ሲገባው 130 ተብሎ ከተጻፈ አያመልጣቸውም፤ በቀይ ያከብቡታል። ሁለት ጠጋኝ በሚበቃው ፕሮጀክት 40 ሰው ለምን እንደሚሠለጥን ግን አይጠይቁም፤ ማባዛቱ ልክ እስከሆነ ድረስ ሌላው ፖሊሲ ነው። ከዚያ የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይደርሳሉ። “የአስተዳደር ወጪ በዝቷል፤ ይቀነስ።” ሁለት መስመር ወረድ ብለው “የሩብ ዓመት የፋይናንስ ሪፖርትና የውጭ ኦዲት አልተካተተም፤ ይካተት” ብለው ያዝዛሉ። ሪፖርቱን ማን ይሥራው? ቁርጠኝነት ያለው ሰው አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለውጭ ድጋፎቹ በአመዛኙ ከቀጥተኛ ወጪው እስከ 7 በመቶ እንደ ቢሮ ኪራይ ላለ ተዘዋዋሪ ወጪ ይፈቅዳል፤ የእኛ ገምጋሚ ግን “0 በመቶ” ብሎ የጻፈውን ማኅበር ሲያዩ ዕንባቸው ይመጣል። ያ ማኅበር የቢሮ ኪራዩን “የማስተባበሪያ ቁሳቁስ” በሚል መስመር ውስጥ ደብቆታል። ሁሉም ያውቃል። ደስ የሚለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ አማካዩ። ማኅበር ሀ ከሦስቱ ገምጋሚዎች 72፣ 74 እና 63 አገኘ፤ አማካዩ 69.67፤ ወደቀ። ማኅበር ለ 61፣ 62 እና 88 አገኘ፤ አማካዩ 70.33፤ አለፈ። ከሦስቱ ሁለቱ ያሳለፉት ወድቆ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የጣሉት ሲያልፍ አማካይ ምን ያህል ሩኅሩኅ እንደሆነ ይታያል። በ61 እና በ88 መካከል ያለው 27 ነጥብ “ወይ አንዱ ሳያነብ ሰጥቷል፣ ወይ አንዱ የሚያውቀውን ሌሎቹ አያውቁም” እያለ የሚጮህ ነው። ልዩነቱ ከ15 ካለፈ አራተኛ ሰው ያንብበው የሚል ደንብ ያላቸው ቦታዎች አሉ። እነሱ በአማካይ አያምኑም፤ እምነት የጎደላቸው ናቸው።

ደግሞም እጃቸው የሚሰፋ ገምጋሚ ይባረኩ። አንዷ ሁሉንም ከ68 እስከ 74 ባለው ውስጥ ይሰጣሉ፤ ሌላው ከ35 እስከ 95። ሲደመር ደረጃውን የሚወስነው ሰፊው እጅ ብቻ ነው፤ የጠንቃቃዋ ነጥብ ለወጉ ይገኛል። የእያንዳንዱን ገምጋሚ ነጥብ ከራሱ አማካይና ከራሱ ስርጭት አንጻር ማስተካከል ለኤክሴል ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን አርባ ፕሮፖዛል በሁለት ምሽት ለጨረሱ ሰው ነጥባቸውን መነካካት ነውር ነው።

በመጨረሻ የፓነሉ ስብሰባ። ሰብሳቢው ቀድመው “እኔ እንኳ ይሄኛው ብዙም አልገባኝም፤ እናንተ በነጻነት ተናገሩ” ይላሉ። ሁሉም በነጻነት እንዳልገባው ይናገራል። ነጥቦቹ ከስብሰባው በፊት ተልከው ቢቆለፉ፣ ሰብሳቢውም መጨረሻ ቢናገሩ ኖሮ ይህን የመሰለ ስምምነት ከየት ይገኝ ነበር? የጥቅም ግጭት ያለበት ገምጋሚም በደንቡ መሠረት ራሱን ያገላል። የአክስቱ ልጅ ያለበት ማኅበር ሲነሳ ኮሪደር ወጥቶ ይቆያል። ተመልሶ ይገባና ከዚያ ማኅበር ጋር የሚፎካከሩትን 39 ፕሮፖዛሎች በፍጹም ገለልተኝነት ነጥብ ይሰጣቸዋል። ለአንድ መቀመጫ ሲወዳደሩ ሌላውን ማውረድ የራስን ማውጣት መሆኑን ደንቡ አላሰበውም፤ እሱም አላስታወሰውም።

አንዳንድ ምቀኞች ጥናት ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮልና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የቀረቡ 150 ፕሮፖዛሎችን በሌሎች ገምጋሚዎች አሳይተው፣ የአንድ ማመልከቻ ዕጣ ፈንታ በግምት ግማሹ በየትኛው ገምጋሚ እጅ እንደወደቀ የሚወሰን ነው ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 43 ገምጋሚዎች 25 የጤና ምርምር ማመልከቻዎችን አንብበው በነጥባቸው ምንም ዓይነት መስማማት እንዳልታየ አሳየ። እነዚህ እንግዲህ በሙያው የተካኑ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ የሙያ ጓደኛቸውን ሥራ ነው የገመገሙት። የእኛ ገምጋሚዎች በማያውቁት አካባቢ፣ በማያውቁት ችግር ላይ እስከ ሁለት ዴሲማል ድረስ እርግጠኛ ናቸው።

የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት በ2013 በአንድ የድጋፍ ዘርፉ፣ መስፈርቱን ያሟሉትን ለይቶ በመካከላቸው ዕጣ ማውጣት ጀመረ። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ደግሞ በ1989 ነዋሪዎች ራሳቸው ተሰብስበው ከከተማዋ በጀት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም መወሰን ጀመሩ። (ሁለቱም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው።) ዕጣ ያወጣ ሰው ግን የተሸናፊውን ማኅበር ድክመት መዘርዘር አይችልም፤ ነዋሪውም ሎግፍሬም አያውቅም። አይሆንም።

ድክመት መዘርዘር ካልን የመልስ ደብዳቤውን መርሳት ግፍ ነው። “ፉክክሩ ከፍተኛ ስለነበር” ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የገምጋሚዎቹ አስተያየት እንዳለ ይለጠፋል፦ “የፕሮጀክቱ ዓላማ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ውስን ነው፤ ቢሰፋ። ጊዜው አጭር ነው። የፕሮጀክቱ ቆይታ ረዝሟል።” ሁለት ሰው የጻፈውን ያስታረቀ ሰው አለመኖሩን የሚያሳብቀው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ዶሮ እርባታው ሥጋት ተጽፏል። አመልካቹ የጠየቀው የቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ነበር።

ማኅበሩም ታዛዥ ነውና በሚቀጥለው ዙር ዓላማውን አጥብቦ፣ ተጠቃሚውን አስፍቶ፣ ጊዜውን አርዝሞ አሳጥሮ ይመጣል። ያኔ ገምጋሚዎቹ ሌሎች ናቸው። ያለፈው ዙር የነጥብ ቅጽ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም፤ በ88 ያለፈው ፕሮጀክት በ72 ካለፈው የተሻለ ውጤት አምጥቶ እንደሆነም ያነጻጸረ የለም። የመስፈርቱ ክብደት ግን ተሻሽሏል፦ ከዘላቂነት ላይ 10 ነጥብ ተነሥቶ “ፈጠራ” ለሚባል አዲስ መስፈርት ተሰጥቷል። ፈጠራ ምን ማለት እንደሆነ በመመሪያው ይገለጻል። መመሪያው የሚወጣው ጥሪው በወጣ በ12ኛው ቀን ሲሆን፣ የጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ በ10ኛው ቀን ይዘጋል።