«ዋተርፕሩፍ ነው» እያላችሁ የመኪና ስፒከር ለሸጣችሁልኝ ሁሉ

እስቲ ዛሬ የሆዴን ልዘርግፈው፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሠራተኞቼን አሳፍሬ ከአዳማ ወደ ወንጂ መስመር ስወርድ የግራው ስፒከር መጀመሪያ ክርር ክርር አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም። በሁለት ዓመት ውስጥ ይኼ ሦስተኛው ነው። ከኋላ የተቀመጡት የማሳው ጠባቂ አባባ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ልጄ፣ ዜናው ተቋረጠ እኮ» አሉኝ። እሳቸው ቤት ሬዲዮ የለም። የአገሩን ወሬ የሚሰሙት እኔ መኪና ላይ ሲሳፈሩ ነው። የምመልሰው አጣሁ።

መኪናዬ አሮጌ ሱዙኪ ናት። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ እሱም ክረምት ካልገባ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። የችግኝ ሳጥን ስንጭን ስለሚያስቸግር በሮቹንም አውልቄያቸዋለሁ። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ያለው የማሳ መንገድ ደግሞ ሲያንገጫግጭ ጥርስ ያራግፋል። ስለዚህ የምፈልገው ፀሐይ፣ አቧራ፣ ዝናብና ንቅንቅ የሚችል ስፒከር ነው። ይኼን ለሦስቱም ሱቆች ቁጭ ብዬ አስረድቻለሁ። ሦስቱም የመለሱልኝ አንድ ነው፦ «ፋዘር፣ አታስብ፣ ዋተርፕሩፍ ነው!»

መቼ ስለ ውኃ ብቻ ጠየቅኳችሁ? ያለሁት እኮ አዳማ ነው! ከከተማው አጠገብ 136 የነፋስ ተርባይን የተተከለው ዝም ብሎ አይደለም። ያ ነፋስ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብሎኬት የሚሠሩበትን የፑሚስ ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ፑሚስ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አረፋማ መስታወት ነው። ሲደቅቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ስፒከር ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ከማግኔቱ ጋር ሳይነካካ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ክፍተት ውስጥ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ያ ብናኝ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ክርክርታው ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁለተኛውን ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ ውኃ አልነካውም፣ ውስጡ ግን ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

አሁን ዋናው የሚያቃጥለኝ ነገር ይኼ ነው። ዕቃው ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር ቁጥር አለ። አይፒ ይባላል፣ ከጎኑ ሁለት አሃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አቧራ ነው፤ 5 ከሆነ ትንሽ ይገባል ግን ሥራውን አያውክም፣ 6 ከሆነ ምንም አይገባም። ሁለተኛው ስለ ውኃ ነው፤ 5 እና 6 በቱቦ የሚረጭ ውኃን ይችላል ማለት ነው፣ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም ይተርፋል። በአቧራው ቦታ ኤክስ ከተጻፈበት ግን ስለ አቧራ ምንም ቃል አልተገባልህም። እኔ በ9 ሺህ ብር የገዛሁት ሁለተኛው ካርቶን ላይ «አይፒኤክስ 7» ይላል። የተገባልኝ የውኃ ቃል ብቻ ነው! ይኼን የሸጠልኝ ልጅ ካርቶኑን በእጁ ይዞ ነበር። ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር አንብቦ ለደንበኛው መንገር ይህን ያህል ከባድ ነው?

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። 7 ቁጥር ስላለ የላቫጆውን ውኃ ይችላል ማለት አይደለም። ጸጥ ባለ ውኃ መስጠምና በግፊት የሚመጣ ውኃ ፊት መቆም የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱም ቁጥር ይጻፍበታል። የላቫጆ ልጆች በር የሌላትን መኪናዬን እንዴት እንደሚያጥቧት ታውቃላችሁ፤ ጎማውንም ዳሽቦርዱንም በዚያው ቱቦ ነው። የመጀመሪያው ስፒከር የሞተው እዚያ ነው። ሱቁ ስመልሰው «ውኃ ገብቶበታል፣ ዋስትናው ውኃን አይጨምርም» አለኝ። ዋተርፕሩፍ ብለህ ሸጠህልኝ! እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የወጣሁት።

ዋት የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ካርቶን ላይ 1200 ዋት ተጽፏል። አምፕሊፋየሩን ገልብጬ ሳየው ፊውዙ 15 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ ያለው 14 ቮልት ገደማ ነው። 14 ሲባዛ በ15፣ 210። ባትሪው ለአምፕሊፋየሩ ሊሰጥ የሚችለው ይኼው ነው፤ ከእሱም የተወሰነው በሙቀት ይባክናል። ታዲያ 1200ው ከየት መጣ? አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር ስጡኝ፣ እሱ ነው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት ስላቸው እንደ ነገረኛ አዩኝ።

ጣሪያና በር በሌለው መኪና ላይ ይኼ ቁጥር የበለጠ ያስፈልጋል። በዝግ መኪና ባዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ታፍኖ ይጎላል፤ በእኔ ላይ ወደ ሜዳው ይበተናል፣ የነፋሱና የጎማው ጩኸት ደግሞ ይጨመርበታል። ሰው ታዲያ ቮልዩሙን ይከፍታል፣ ትንሿ አምፕ ከአቅሟ በላይ ስትሆን ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩም ይቃጠላል። መፍትሔው ዋት ማብዛት ብቻ አይደለም። ስፒከሩ በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) እንደሚያወጣ ማየት ነው። 3 ዴሲቤል ልዩነት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች እኩል እንዲጮሁ ደካማው እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ባለ 88 ዴሲቤሉን ትቶ ባለ 91ዱን የወሰደ ሰው አምፑን እጥፍ እንዳደረገ ቁጠሩት። ይኼን የነገረኝ አንድም ሻጭ የለም፤ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው የተማርኩት።

የገጠመልኝንም ሰው ሳላነሳ አላልፍም። ሽቦና ሽቦ በእጁ ጠምዝዞ፣ ጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎበት «አለቀ» አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ የተጠመዘዘ ሽቦ ወር አይቆይም። ሽቦውም መዳብ መስሎኝ ነበር፤ ስፍቀው ውስጡ ነጭ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም የከፋው፣ ከባትሪው በቀጥታ የሚወጣው መስመር ላይ ፊውዝ አላደረገም። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ነው፤ ሽቦው መንገድ ላይ ከሻሲው ጋር ተፋትጎ ቢላጥ ግን የሚያቋርጠው ነገር የለም። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ መግባት ነበረበት። ከኋላ እኮ ሰው ነው የምጭነው!

አሁን የምፈልገውን አውቄዋለሁ፤ ለሦስት ስፒከር ከፍዬ ነው ያወቅኩት። እየተንቀጠቀጠ ድምፁን የሚያወጣው ሾጣጣ ከወረቀት ሳይሆን ከፕላስቲክ፣ ዙሪያው ፀሐይ የሚበላው ስፖንጅ ሳይሆን ጎማ፣ ጀርባው የተዘጋ ሳጥን፣ ብሎኑ የማይዝግ፣ ቁጥሩ አይፒ 66። ለጀልባ የሚሠሩት ጨውና ፀሐይ እንዲችሉ ስለሆነ ለፀሐዩ ጥሩ ናቸው፤ አቧራው ላይ ግን እነሱንም ቁጥራቸውን ሳላይ አልገዛም። ሲዲ የሚባል አልፈልግም፣ ሬዲዮና ብሉቱዝ ይበቃኛል። ይኼን ይዤ ትናንት ማታ አራት ሱቅ ደወልኩ። ሦስቱ «ና እና እየው» አሉኝ፣ አንዱ ዘጋብኝ።

አዳማም ሆነ ሞጆ፣ መልካሳ፣ ዴራ ያላችሁ፣ ክፍት መኪና ላይ አስገጥማችሁ አንድ በጋና አንድ ክረምት ያሳለፈ፣ ላቫጆ ገብቶ የወጣ ስፒከር ካላችሁ የካርቶኑን ፎቶ ላኩልኝ። ቁጥሩ የሚታይበትን ጎን። አባባ ነገ ጠዋት ሲሳፈሩ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እስከዚያው ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አስሬ ዜናውን አሰማቸዋለሁ።