ሁሉንም የሚሰማው ወዳጄ

«ይቅርታ አድርግልኝና፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» የሚል የጽሑፍ መልእክት ሰሞኑን በሬዲዮ ፕሮግራሜ የቀጥታ ስርጭት መካከል ሲደርሰኝ፣ ዘፈኑ ከተጀመረ ስድስተኛ ደቂቃውን አልፎ ነበር። የላከው ሰው እንግዳ አድማጭ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድሁ፤ ነገር ግን ባገኘኝ ቁጥር «እኔ እንደ ሌላው አይደለሁም፤ ሙዚቃ አልመርጥም፤ ሁሉንም ዓይነት እሰማለሁ» እያለ የሚመጻደቅ የቅርብ ወዳጄ ነው። ስለ ፖለቲካ ሲጠየቅ «ሁሉንም እወዳለሁ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለ ሙዚቃ ሲጠየቅ ግን ሰው ሁሉ በድንገት ሆደ ሰፊ ይሆናል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው፣ የእነዚህ ሰዎች «ሁሉም» ድምፃዊ ያለው፣ አዝማቹ ገና በአንደኛው ደቂቃ የሚመጣ፣ በአራተኛው ደቂቃ የሚያልቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስቀድመው በቃላቸው የሚያውቁት ዘፈን ነው።

አማራጭ ሮክንና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን አደባልቆ ማቅረብ ከውጭ ለሚያየው ዘፈን በዘፈን ላይ እያስከተሉ መቀመጥ ይመስላል። የሥራው ጣዕም ያለው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ቦታ ላይ ነው። በደቂቃ 87 ምት የሚሄድ ዝግ ያለ የጊታር ዘፈንና በደቂቃ 174 ምት የሚሮጥ የድራም ኤንድ ቤዝ (ከበሮውና ቤዙ የሚገኑበት ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) ሥራ በወረቀት ላይ ሲታዩ ከቶ የማይተዋወቁ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው ልክ እጥፍ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን በግራ እጅ ቀስ እያሉ ሲቀንሱና ሁለተኛውን በቀኝ እጅ ከፍ ሲያደርጉ፣ ሁለቱ ከበሮዎች ለጥቂት ሰከንዶች እኩል ይረግጣሉ። ማዳመጫዬን በአንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ መቆጣጠሪያውን በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ ሳለ ስልኬ ይበራል፤ መልእክቱም ብዙውን ጊዜ ለሆነ ሰው መልካም ልደት እንድልለት የሚጠይቅ ነው። መልካም ልደት መመኘቱ አይከፋም። የሚከፋው፣ ከልደቱ ጋር አብሮ የሚታዘዘው ዘፈን በሌሎቹ ጣቢያዎች ሁሉ ጠዋትና ማታ የሚሰማው መሆኑ ነው።

«ይህ ጫጫታ ለሬዲዮ አይሆንም» የሚሉኝ ሰዎች ሲመጡ ግን ቀልዱን እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ድምፅን እየቀረጹና እየለወጡ የሚሠሩት ይህ ሙዚቃ የተወለደው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው የሽቦ መቅረጫ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ ቀርጾ፣ እዚያው ጣቢያ ውስጥ የገደል ማሚቶ እየጨመረበት ሌላ ፍጡር አድርጎታል። ከአራት ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ የነበረው ፒየር ሼፈር የባቡሮችን ድምፅ በሸክላ ላይ እየቀረጸና እየደጋገመ በአየር ላይ አዋለው። ቢቢሲም በ1958 ለዚሁ ዓይነት ድምፅ ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል አቋቋመ። እንግዲህ ሬዲዮ የወለደው ልጅ ወደ አባቱ ቤት በመጣ ቁጥር በር ላይ «ማን ልበል?» የሚባልበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ ለሬዲዮ አዘጋጅ ተብሎ የተተረተ ይመስለኛል። ሌላው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የማይሰማው ሐሜቱ ከጀርባው ስለሆነ ነው፤ እኛ ግን ስልኩ ፊታችን ላይ፣ ማዳመጫው ጆሯችን ላይ ሆኖልን እንኳ አድማጩ ሬዲዮውን መቼ እንደዘጋው አንሰማም። «ፕሮግራምህ አንድም ቀን አያመልጠኝም» ያለኝ ሰው ለጥቆ «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነበር የሚጀምረው?» ሲለኝ ያን ጊዜ ወሬው ይደርሰኛል።

አድማጭ ሬዲዮውን ቢዘጋ መብቱ ነው። እኔ ይቅር ያላልሁት ከውስጥ የዘጋብኝን ሰው ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ጣቢያ፣ ያሰማሁት አምቢየንት የሚባለው ዝግ ያለና ረጋ ያለ ሙዚቃ እየሳሳ ሄዶ ከድምፅ መለኪያው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ስትል፣ ተረኛው ቴክኒሺያን መስመር የተቋረጠ መስሎት መጠባበቂያ ዘፈን ለቀቀበት፤ እርሱም እስኪያልቅ ድረስ አየሩን አልመለሰልኝም። «ምንም አይሰማም ነበር እኮ» ነበር መልሱ። በሬዲዮ ቤት ዝምታ ከስድብ የባሰ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ በራሳቸው ወደ መጠባበቂያ የሚዞሩ መሣሪያዎችም ያሉት ለዚህ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ቢቢሲ ሬዲዮ 3፣ ኦርኬስትራው አንዲትም ኖታ የማይጫወትበትን የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅን የ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሥራ ሲያሰራጭ፣ መሣሪያው በዝምታው ላይ እንዳይገባበት አስቀድሞ አጥፍቶታል። ለዝምታ ይህን ያህል ክብር ከተሰጠ፣ ለእኔ ሹክሹክታ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ምን ይከብዳል? ይህ ቴክኒሺያንም፣ መናገር ካለብኝ፣ «የማልሰማው የሙዚቃ ዓይነት የለም» ከሚሉት ወገን ነበር።

ለወዳጄ «ተጀምሯል» ብዬ መልሼለታለሁ፤ «አሃ!» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። በሚቀጥለው ፕሮግራም ላይ የጀርመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን የሆኑት ክራፍትቨርኮች እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን፣ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን የያዘውንና ከ22 ደቂቃ በላይ የሚረዝመውን ሥራ ሳልቆርጥ አሰማለሁ። ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያጠረ ቅጂ እንዳለው አላጣሁትም፤ የማስታወቂያ ክፍሉም ይህንኑ ደጋግሞ አስታውሶኛል። ማስታወቂያው ከፈለገ ከፊቱ፣ ከፈለገም ከኋላው ይግባ፤ መካከሉን ግን አልሰጥም።