ስም ተከራይቶ መነገድ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ አውቃለሁ። ሽሯቸውን የቀመሰ ተመልሶ ይመጣል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ከሳዑዲ የተመለሰው የእህታቸው ልጅ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛና እኔ ተቀምጠን ነበር። ልጁ ሪያድ ውስጥ በፈጣን ምግብ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ያጠራቀመውን ይዞ፣ የታወቀ የውጭ ስም በፍራንቻይዝ (ስሙንና አሠራሩን በክፍያ ተከራይቶ) ወስዶ የበርገርና የዶሮ ቤት ሊከፍት አስቧል።

«አክስቴ፣ እዚያ ማንም አይቀምስም» አለ። «ድንቹ በሽቦ ቅርጫት ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ደወሉ ሲጮህ ይወጣል። ጨው እንኳ የሚነሰነሰው በተለካ ዕቃ ነው። ትናንት የተቀጠረ ልጅ ቢሠራውም ጣዕሙ ያው ነው።»

«ሳይቀምሱ ማብሰል!» አሉ አክስቱ፣ ረከቦቱ ላይ እጃቸውን አቁመው።

ልጁ ነገሩን ከሥሩ ያውቀዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የማክዶናልድ ወንድማማቾች በ1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ ደህና የሚያተርፍ ቤታቸውን ዘግተው የምግብ ዝርዝሩን ወደ ዘጠኝ አወረዱት። አንዱ ሠራተኛ ሥጋ ብቻ ይጠብሳል፣ ሌላው ድንች ብቻ። በርገሩ 15 ሳንቲም ሆነ። የወተት መምቻ ማሽን ይሸጥ የነበረው ሬይ ክሮክ ይህን አይቶ በ1955 የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ1961 ደግሞ ስሙንና ድርጅቱን በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው።

«ወንድማማቾቹስ?» አሉ አክስቱ።

«የመጀመሪያ ቤታቸው እጃቸው ላይ ቀረ፤ በስማቸው መጥራት ግን አልቻሉም። ሌላ ስም አወጡለት።»

«በገዛ ስማቸው?» ወይዘሮዋ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ሒሳብ ሠራተኛው ወረቀት አወጡ። «ልጄ፣ ሰብዌይ የሚባለው የሳንድዊች ድርጅት ስሙን ከተከራየው ባለሱቅ 8 በመቶ ይወስዳል፤ ለማስታወቂያ ደግሞ 4.5 በመቶ። ከትርፉ እንዳይመስልህ፤ ከሽያጩ ነው። በወር 100,000 ብር ብትሸጥ 12,500ው አስቀድሞ ሄዷል። ሥጋው፣ ዘይቱ፣ ኪራዩ፣ ደመወዙ ከቀረው ነው የሚወጣው። ብትከስርም እነሱ ይቀበላሉ። ክፍያው በዶላር ከሆነ ደግሞ፣ በእኛ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሆነውን አይተሃል።» ክዊዝኖስ የተባለውን ሌላ የሳንድዊች ድርጅትም አነሡ፦ ወደ 5,000 የሚጠጉ ቤቶች ነበሩት፤ ባለሱቆቹ ዕቃ ከድርጅቱ ክንፍ ብቻ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ዋጋው አንቆ ሲይዛቸው በየተራ ዘጉ፣ ድርጅቱም በ2014 ከባለዕዳዎቹ እንዲጠብቀው ፍርድ ቤትን የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

«በየካቲት 2018 እንግሊዝ አገር የኬንታኪ (ኬኤፍሲ) ዶሮ ቤቶች ዶሮ አጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩት ተዘጉ» ሲሉም ጨመሩ። ዶሮውን የሚያደርሰው ድርጅት ተቀይሮ ማከፋፈሉ ስለተዛባ ነበር።

«ዶሮ ጠፍቶ የዶሮ ቤት ተዘጋ?» አሉ አክስቱ። «እኔ አንዱ ጋር ካጣሁ ሌላው ጋር እሄዳለሁ።»

ልጁ አልተረታም። ፒዛ ሃት በ2018 አዲስ አበባ ገብቷል፣ ደሴም ተራዋ ይደርሳል አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን፦ «አክስቴ፣ ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ሦስት ቀን ሲሄዱ ሽሮው የእርስዎ አልነበረም። ደንበኛው እያስተረፈ ይወጣ ነበር። እጅዎ ሲታመም ይህ ቤት ምን ይሆናል?»

እኔ በእነዚያ ቀናት እዚያ በልቻለሁ፤ እውነቱን ነው። ሽሮው ቀጥኖ፣ ቅመሙ ጎልቶ ነበር። ያበሰለችው ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ የምትከተለው ልክ ስላልነበራት ነው። ልጁ ከሪያድ ይዞት የመጣው ትልቁ ሀብት ገንዘቡ ሳይሆን ይህ የልክ ዕውቀት ነው ባይ ነኝ። ለዚህ ዕውቀት በላቡ ከፍሏል፤ ለምን ለስሙ ደግሞ በየወሩ ይከፍላል? በአሜሪካ እንኳ ባለሱቁ ከሁለት ወገን ተይዟል። ካሊፎርኒያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የትልልቅ ሰንሰለት ቤቶችን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 20 ዶላር አድርጋለች፤ ለሠራተኛው ተገቢ ነው፣ ግን ከፋዩ ባለሱቁ ነው፤ የስሙ ባለቤት ድርሻውን ከሽያጩ እንደወሰደ ነው።

ስለዚህ ያን ውል አትፈርም እላለሁ። የአክስቱን እፍኝ ሽሮ፣ የበርበሬዋን ማንኪያ፣ የእሳቱን ደቂቃ በሚዛንና በሰዓት ለክቶ ይጻፍ፤ ከዚያ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ሁለተኛውን ቤት በእሳቸው ስም ይክፈት። ወልድያ ላይ ሌላ ሰው ስሙን ልውሰድ ካለም ይስጠው፤ ድርሻቸውን ግን ከሽያጭ ሳይሆን ከትርፍ ይውሰዱ፣ ሰውየው በከሰረበት ወር እነሱም ባዶ እጃቸውን ይግቡ። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮዋ በረካውን እየቀዱ «መጀመሪያ ሚዛኑን ያምጣ» አሉ።