እርማት፦ ሰብአዊ መብት «የፈረንጅ ዕቃ» ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ሰብአዊ መብት ፈረንጅ የጫነብን ነገር ነው፣ በሱ ተሟግቶ ያሸነፈም የለም» ብለሃል። እዚህ ጅማም ቡና ላይ ስንቀመጥ የማይጠፋ ወሬ ነው። ግን ልክ አይደለም።

ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ ሲጸድቅ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ድምፅ ተአቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትህም።

ሁለተኛው ነገርህ ይብሳል። የናሚቢያን ጉዳይ እይ፤ ያኔ ደቡብ አፍሪካ ነበረች የምታስተዳድራት። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚያ በምታካሂደው የዘር መድልዎ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። ያውም ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ። ያበግናል! ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው።

ግን በዚያው ዓመት የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በግዛቱ ላይ የነበራትን የአስተዳደር ሥልጣን ሻረ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት እዚያ መቆየቷ ሕገወጥ ነው አለ። ሕዝቡም በሜዳም በዲፕሎማሲም ታገለ፤ በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። ከክሱ እስከ ነጻነቱ 30 ዓመት። ዘገየ ካልክ አልከራከርህም።