«ጨምርበት!» ለሚሉ ጥበበኞች የቀረበ ውዳሴ

ሱፐር ግሉን በጠብታ የሚቆጥሩ ምስኪኖች አሉ። የተሰበረውን እቃ ያጸዳሉ፤ ስባሪዎቹን መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ገጥመው ያያሉ፤ አንዲት ጠብታ ያሳርፋሉ፤ ገጥመው ሳያንቀሳቅሱ ይይዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ነገ አይነኩትም። እንዲህ ላለ ሰው ማን ይዘፍንለታል? ዘፈን የሚገባው ቱቦውን እንደ ጠላት አንገት አንቆ ስንጥቁን በጎርፍ ለሚያጥለቀልቀው፣ አልደርቅ ሲለው ማፍጠኛ ለሚያዘንብበት፣ አረፋ ደፍቆ ሲነጣበት ደግሞ «ጨምርበት!» ብሎ ሁለተኛ ቱቦ ለሚበሳው ጀግና ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው በለጋስነቱ ነው። ሲያኖአክሪሌት የሚባለው ይህ ፈሳሽ የሚጠጥረው እንደ ቀለም ማሟሟያው ተኖለት አይደለም። በእቃው ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ርጥበት አለ፤ ፈሳሹ ያንን ሲነካ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። ርጥበቱ ያለው ገጹ ላይ ነውና ሥራው የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ወደ መሀል የሚዘልቀውም እየዘገየ ነው። ሽፋኑ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ካልበለጠ በሰከንዶች ይይዛል። ወፍራም ኩሬ ከሆነ ግን ላይ ላዩ ቆዳ አውጥቶ ውስጡ ለሰዓታት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ለ6 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ገጽ አንድ ጠብታ ይበቃል የሚባለውም ስስትን ለማስተማር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ጀግናችን ግን ሃምሳውንም ጠብታ ለአንዲት ስንጥቅ አሸክሞ «ለምን አልያዘም?» ብሎ መገረም ያውቅበታል።

ምርጫውም ያስደንቃል። ማጣበቂያው እንደ ውሃ ከሚፈሰው ቀጭን ጀምሮ መካከለኛ፣ ወፍራምና ጄል እያለ የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጭኑ አስቀድመው በተገጠሙ ስባሪዎች መካከል በራሱ ጊዜ ሰርጎ ይገባል፤ ወፍራሙና ጄሉ በደንብ ላልተገጣጠመና ቆሞ ለሚጣበቅ ገጽ ነው። ጀግናው ቀጭኑን አንስቶ በመነጽር ማጠፊያ አጠገብ ያለች ስንጥቅ ላይ ያፈስሰዋል። ሰርጎ መግባት ተፈጥሮው ነውና ፈሳሹ ስንጥቁን አልፎ ማጠፊያው ውስጥ ዘልቆ ያድራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽሩ አይታጠፍም። ስንጥቁማ አሁንም አለ።

አሁን ወደ ማፍጠኛው እንምጣ፤ ውዳሴው የሚደምቀው እዚህ ነውና። አምራቾች ፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ እንዳይጠጥር ጥቂት አሲድ ይጨምሩበታል፤ ልጓም ማለት ነው። አክስለሬተር የሚባለው ማፍጠኛ አብዛኛውን ጊዜ አሚን የተሰኘ ውህድ በሄፕቴን ወይም በአሴቶን ተሟሙቶ የተዘጋጀ ነው፤ ሥራውም ያንን ልጓም ፈትቶ ፈረሱን መልቀቅ ነው። እውነት ለመናገር ጠቃሚ ነገር ነው። እንጨት በተፈጥሮው አሲድነት ስላለው ማጣበቂያውን ያዘገየዋል፤ አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆንም ርጥበት ይጠፋል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ማፍጠኛ ያስፈልጋል። አጠቃቀሙም ውስብስብ አይደለም። በአንደኛው ገጽ ላይ ስስ አድርገው ይነፉታል፤ ማሟሟያው እስኪተን ይጠብቃሉ፤ ማጣበቂያውን በሌላኛው ገጽ ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ማስተካከያ ጊዜ የለም። ወይም ደግሞ ከገጠሙ በኋላ ወደ ጠርዝ የወጣውን ለማጠጠር ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀው አንድ እፍታ ይነፋሉ።

እንዲህ አድርጎ መሥራት ግን የፈሪ ነው። ጀግናው ሁለቱንም ገጽ በማፍጠኛ ያጥባል፣ ማጣበቂያውን ያፈስሳል፣ ከዚያ ከአንድ ስንዝር ርቀት እሳት እንደሚያጠፋ ሰው ይረጫል። ሰንሰለቱ ሲሠራ ሙቀት ይወጣል፤ ቀጭን ሽፋን ላይ ሙቀቱ አይታወቅም፣ ኩሬው በአንድ ቅጽበት ሲጠጥር ግን ይፈላል። ፈሳሹ አረፋ ሆኖ ይነፋል፣ ይነጣል፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል፣ በአረፋዎቹም ተበሳስቶ እንደ ስፖንጅ ይቀራል። ጀግናው ይህን ሲያይ «አየህ ኃይሉን!» ይላል። የታየው ኃይል የመጋጠሚያው መሆን ነበረበት፤ በጥድፊያ የጠጠረው ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ከደረቀው ይልቅ ደካማና ተሰባሪ ነው። ሥራው ላይ ያለው ነገር የሞዴል አውሮፕላን መስኮት ከሆነማ ደስታው እጥፍ ይሆናል፤ አሴቶን ያለበት ማፍጠኛ ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ ያደበዝዛል፣ ያሟሟልም። ለጥርት ያለ ፕላስቲክ ሄፕቴን ያለበትን መምረጥ፣ አስቀድሞም በማይታይ ጥግ ላይ መሞከር የሚባል ነገር አለ። ጀግና ግን ሙከራ አያውቅም።

ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ አለ፤ ይህም ቢሆን በልኩ ሲሆን ጎበዝ መድኃኒት ነው። ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በመሆኑ ማጣበቂያውን ወዲያው ያጠጥረዋል፤ ዱቄቱም ክፍተት ይሞላል። የተበላ የብሎን ቀዳዳ ቢኖር አንድ ሚሊሜትር ያህል ዱቄት ነስንሶ ቀጭኑን ማጣበቂያ በጠብታ ማጠጣት፣ እስኪበርድ ጠብቆ ሌላ ንብርብር መጨመር ነው። ጀግናው ጉድጓዱን እስከ አፉ በዱቄት ጠቅጥቆ ከላይ ቱቦውን ይገለብጥበታል። ላዩ ወዲያው ድንጋይ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል፤ ከሥሩ ያለው ዱቄት እንደ ደረቀ ይቀራል። ብሎኑን ሲያስገባበት ድንጋዩ እንደ ክዳን ይነሳል። ደግሞም ያ ድንጋይ ከእንጨቱና ከፕላስቲኩ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ቆይቶ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ዙሪያው ይጎደጉዳል እንጂ እሱ አይነካም፤ የሚፈገፈገው በቶሎ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ መፍጠን የሚያስፈልገው ብቸኛው ቦታ ላይ ጀግናው ዘገየ።

ትርፉን በምን ይጠርገዋል? በጥጥ ጨርቅ፣ እጁ ላይ ደግሞ የጥጥ ጓንት አድርጎ። ጥጥ ፈሳሹን መጥጦ በብዙ ክር ላይ ይበትነዋል፤ በየክሩ ላይም ርጥበት አለ፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠጥራል። ሙቀቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጨርቁም ሊጨስ ይችላል። ሱፍም እንዲሁ ነው። ጥንቁቆች ቀጭን የናይትራይል ጓንት ያደርጋሉ፤ ጀግናው ግን የሥራውን ሙቀት በእጁ ካልተሰማው አይረካም።

የሚያጣብቀውን ነገር አለመምረጡም የፍትሐዊነቱ ምልክት ነው፤ በእሱ ፊት ሁሉም ቁስ እኩል ነው። ፖሊኤትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ቴፍሎንና ሲልከን ያለ ልዩ ዝግጅት ማጣበቂያውን አይቀበሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፕራይመር የሚባል አስቀድሞ የሚቀባ ነገር አላቸው፤ እሱና ማፍጠኛው ግን አንድ አይደሉም፣ ማፍጠኛ ቢያጠጧቸውም ፊት አይሰጡም። ማጣበቂያው ራሱ የተቀመጠበት ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊኤትሊን የሚሠራው ስለማይጣበቅበት ነው። ጀግናው ማስረጃውን በእጁ ጨብጦ የተሰነጠቀ የፖሊኤትሊን ባልዲ ያጣብቃል። ከባልዲው ወደ ጫማ ሶል ይዞራል፤ ማጣበቂያው ቀጥታ ሲጎትቱት ብርቱ ነው፣ ሲታጠፍና ከጠርዝ ሲላጥ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ጫማ ደግሞ በየእርምጃው ከመታጠፍ ሌላ ሥራ የለውም። ከጫማው ወደ ኩባያ ጆሮ፤ ተራው ማጣበቂያ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደክማል፣ ሙቅ ውሃ ሲደጋገምበትም ይለቃል። ኩባያ አንስተው ድንገት እጅ ላይ ጆሮው ብቻ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ የቀረው ሙቅ ነገር ጭን ላይ ነው።

ስለ ትዕግሥትም አንድ ነገር እንበል። ሃሪ ኩቨር የተባለ የኮዳክ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ይህን ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲያገኙት ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይፈልጉ ነበር፤ ሁሉንም ነገር እያጣበቀ ስላስቸገራቸው ተዉት። በ1951 እንደገና ተነሳ፤ ገበያ ላይ የወጣው በ1958 ነው። ማጣበቂያው ራሱ 16 ዓመት ጠበቀ። ጀግናችን ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 24 ሰዓት ጠብቅ ሲባል ግን «ፈጣን ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?» ብሎ ይቆጣል፤ በ10ኛው ሰከንድም ጎትቶ ይሞክረዋል። የተሞከረው ይላቀቃል፤ በላዩ ላይ ከደረቀው ቅሪት ጋር መልሶ ይገጥመዋል፤ አሁን ስባሪዎቹ አይገጥሙም፣ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ክፍተት ሲሰፋ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል።

በመጨረሻ እቃውን በትንሽ ሳጥን ዘግቶ ያኖረዋል፤ ያልጠጠረው ትርፍ ተንኖ በአካባቢው ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ያርፋል። ፖሊስ የጣት አሻራን የሚያወጣው በዚሁ ትነት ነው። ስለዚህ በጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የጀግናው አሻራ በነጭ ተጽፎ ይገኛል፤ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ቢኖር ፊርማው አለ።

አንድ መጋጠሚያ ግን ያለ እንከን ሠርቷል፤ እሱን ሳናወድስ ብናልፍ ግፍ ነው። ገጾቹ ርጥብ ነበሩ፤ ማጣበቂያው ከሌላ ቦታ ተርፎ የመጣ ስስ ሽፋን ነበር፤ ተጭነው ተያዙ፤ ማፍጠኛ አልነካቸውም፤ ጀግናው ቱቦውን ጨምቆ ባለበት እነሱን ለማንቀሳቀስ አላሰበም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ናቸው። ጎትቶ ለማላቀቅ መሞከር ቆዳ ይገነጥላል፤ ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሲለሰልስ ጠርዙን ቀስ አድርጎ እያንከባለለ መላጥ ነው፤ አሴቶንም ይረዳል፣ ከዓይን ግን ይራቅ። ጀግናው አሁን እጁን በገንዳው ነክሮ ተቀምጧል፤ በሌላኛው እጁ ሦስተኛውን ቱቦ እየፈለገ ነው።