የዌልስ ስም ለሴት ልጅ ሲወጣ ሙሉውን ይውጣ

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ዌልስ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ስም የሚመረጠው የጎረቤት ምላስ እየታሰበ ነው። ሴት ልጅ የተወለደችላቸው ወላጆች ጥሩ የአገራቸውን ስም ያስባሉ፤ ዘመድ ወዳጅ ደግሞ “ለንደን ስትሄድ ማን በትክክል ይጠራታል?” ይላቸዋል። የሚሰጣቸው ምክር ሁሉ ተመሳሳይ ነው፦ አጭር ይሁን፣ ለመጻፍ አይክበድ፣ ለእንግሊዝ ጆሮ ይመች። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ለልጅ የሚወጣ ስም ለማያውቃት ሰው እንዲቀለው ተብሎ መመረጥ የለበትም።

ለምን እንደምል በአንዲት ልጅ ታሪክ ላስረዳ። ስሟ ጔንሊያን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1282 ጁን ወር ላይ በሰሜን ዌልስ ጠረፍ፣ አበርጒንግሬጊን በተባለ መንደር ተወለደች። አባቷ ልዌሊን አፕ ግሪፊዝ የዌልስ መስፍን ነበር። እናቷ ኤሌኖር ደ ሞንትፎርት እሷን ስትወልድ ሞተች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አባቷም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ ተገደለ። ድል አድራጊው ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ፣ ገና አንድ ዓመት እንዳለፋት ሕፃኗን ከአገሯ አስወጥቶ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሊንከንሽር ውስጥ ባለው የሴምፕሪንግሃም ገዳም አስገባት። አግብታ ወራሽ ብትወልድ ዌልሶች በዙሪያው ይሰባሰባሉ ብሎ ሰግቶ ነው። እዚያው መንኩሳ ኖረች፤ በ1337 በ54 ዓመቷ ዐረፈች።

በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች ስሟን መጻፍ አልሆነላቸውም። በገዳሙ “ዌንሲሊያን” ተብላ ቀረች። ወላጆቿን፣ አገሯንና ቋንቋዋን ያጣች ልጅ በስተመጨረሻ ስሟም ተበላሸባት፤ “እንዲህ አይደለም የሚባለው” ብሎ የሚያርምላት አንድ ዘመድ እንኳ አጠገቧ አልነበረም። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። በ2009 በኤሪሪ ተራሮች ከሚገኙት ጫፎች አንዱ ካርኔዝ ጔንሊያን ተብሎ በስሟ ተሰየመ። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ተሰየመ።

ታዲያ ዛሬ ይህን ስም ለልጃቸው ለማውጣት የሚያመነቱ ወላጆች የሚፈሩት ምኑን ነው? በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ኤል ጎን ለጎን የሚቆሙበትን ድምፅ ነው። ምላስን “ል” ለማለት እንደሚዘጋጁ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ማስደገፍ፣ ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ በምላስ ግራና ቀኝ ትንፋሽ መልቀቅ፤ በቃ ይኸው ነው። ለዚህ ድምፅ የኛ ፊደል ምልክት የለውም፤ ለመነሻው “ጔ” ግን አለው፤ እንግሊዞች በሦስት ፊደል የሚጽፉትን እኛ በአንድ እንጽፈዋለን። የቀረው የዌልስኛ አጻጻፍ ሕጉን የሚጠብቅ ነው። አንድ ኤፍ “ቭ” ይባላል፣ ሁለት ኤፍ “ፍ” ይባላል፤ ስለዚህ በሁለት ኤፍ የሚጀምረው ስም ፊዮን ነው፣ ሌላ አነባበብ የለውም። ሃያ ዘጠኙን ፊደል አንዴ ያወቀ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ስም ሁሉ ማንበብ ይችላል። እንግሊዝኛን እንዲህ ማንበብ የሚችል ማን አለ?

“ይከብዳል” የሚለው ቃል ዌልስ ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። በ1536 የወጣው ሕግ እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ሹመት እንዳይዝ ከለከለ። በ1847 የለንደን መንግሥት የላካቸው መርማሪዎች ባቀረቡት ሪፖርት ዌልስኛን ለሕዝቡ ኋላ መቅረት ምክንያት አደረጉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቋንቋቸው ሲናገሩ የተገኙ ተማሪዎች አንገታቸው ላይ እንጨት ይንጠለጠልባቸው ነበር። በመዝገብ ላይ ማይር ሜሪ ሆነች፣ ካትሪን ደግሞ አጠራሯ ብዙም ባይለወጥ አጻጻፏ እንግሊዝኛ ሆነ። በ2021ዱ የሕዝብ ቆጠራ ዌልስኛ እንችላለን ያሉት 538,000 ገደማ፣ ማለትም ዕድሜያቸው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ነዋሪዎች 17.8 በመቶ ናቸው። የዌልስ መንግሥት ይህን ቁጥር በ2050 አንድ ሚሊዮን ለማድረስ አቅዷል። ስም ብቻውን ቋንቋ አያድንም። ቢሆንም ልጅቷ ትምህርት ቤት ስሟ በተጠራ ቁጥር ቋንቋው በዚያ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

ስም መራጭ መጀመሪያ ታሪኩን ይወቅ እላለሁ። ማቢኖጊ በሚባሉት የመካከለኛው ዘመን ተረቶች ውስጥ ሪያኖን ልጇን ገድላለች ተብላ በሐሰት ተከሰሰች፤ ቅጣቷ በበሩ አጠገብ ተቀምጣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሪኩን መናገርና በጀርባዋ አዝላ ማስገባት ነበር። ልጁ በሕይወት ተገኘና ንጽሕናዋ ታወቀ። ብራንዌን አየርላንድ ተድራ ወጥ ቤት ስትገፋ አንዲት ወፍ አሳድጋ፣ ንግግር አስተምራ፣ ደብዳቤ አስይዛ ባሕር አሻግራ ወደ ወንድሟ ላከቻት። እነዚህ ለሴት ልጅ የሚኮራባቸው ስሞች ናቸው። ከአበባ የተሠራችውን ብሎዳይዌዝን ግን እኔ አላወጣም፤ ባሏን ለማስገደል ዶልታ በመጨረሻ ጉጉት የተደረገች ናትና። ሴሬንና ኤይራ ቀላልና ቆንጆ ናቸው፤ ኮከብና በረዶ ማለት ስለሆኑ ማንም ይወዳቸዋል።

አንድ ነገር አደራ የምለው መጨረሻቸው “ዌን” የሆኑትን ስሞች ነው። ብሮንዌን የሴት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች “ብሮንዊን” ብለው ይጽፉታል፤ “ዊን” ግን በዌልስኛ የወንድ መጨረሻ ነው። በአንዲት ፊደል ልጅቷ የወንድ ስም ይዛ ትቀራለች።

በዌልስ ከተሞች በካርዲፍና በስዋንሲ ለሚኖሩ የአገሬ ልጆች ደግሞ የምለው አለኝ። እዚያ ልጅ የሚመዘገበው በተወለደች በ42 ቀን ውስጥ ነው፤ ክርስትና እስክትነሳ 80 ቀን አይጠበቅም። መዝጋቢው የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ብዙ ወላጆች ግራ ይገባቸዋል፤ አንዳንዱም የአያቱን ስም ይሰጣል። ዌልሶች ራሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት እንደኛ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፦ ወንዱ “አፕ”፣ ሴቷ “ቬርኽ” እየተባለች። የልዌሊን ልጅ ጔንሊያን ቬርኽ ልዌሊን ነበረች። ፓወል የሚባለው የዛሬ የቤተሰብ ስም “አፕ ሃወል” ተጣብቆ የቀረ ነው። አሁን “ቬርኽ”ን መልሰው ለልጆቻቸው የሚሰጡ ዌልሶች አሉ። ስለዚህ ልጃችሁን ሴሬን ተስፋዬ ብላችሁ ስታስመዘግቡ፣ ተስፋዬ የአባቷ ስም መሆኑን ሳትሸማቀቁ ተናገሩ፤ በዚያ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም።